ሳሎን ውስጥ የተተከለው ድንኳን

ባዘዘው ዓርብ ጧት ለጸሎት ሲነሣ ሳሎኑ መሐል ድንኳን ተተክሎ አገኘ። ሰማያዊ፣ ትንሽ፣ ጀርባው እንደ ኤሊ የጎበጠ ድንኳን ነው። አንዱ ገመዱ ከቡፌው እግር፣ ሌላው ከቴሌቪዥኑ ጠረጴዛ ጋር ታስሯል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሚስቱ ውባንቺ ማንም እንዳያቆሽሸው ብላ በላስቲክ ሸፍና ካኖረችው ሶፋ ክንድ ላይ ተቋጥሯል። ባዘዘው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እሱ በሚያውቀው አገር ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሠርግ ነው ወይ ለለቅሶ። ከቤቱ የተዳረ ሰው እንደሌለ ደግሞ ያውቃል። ማታ በደኅና የተኛውን ቤተሰብ በልቡ ይፈትሽ ጀመር። ውባንቺ ማድቤት ውስጥ ድስት ስታንኳኳ ይሰማል። ታናሹ ልጅ ይጋል አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ ትናንት በስልክ ገንዘብ ጠይቋልና በሕይወት ለመኖሩ ጥርጥር የለውም። የቀረችው ሚካል ናት። ይህን ሲያስብ የድንኳኑ ዚፕ ጭርር ብሎ ተከፈተና የሚካል ጭንቅላት ብቅ አለ።

«ቦከር ቶቭ፣ አባ» አለችው፣ እንደ ሁልጊዜው በዕብራይስጥ።

«ማን ሞተ?» አላት፣ እንደ ሁልጊዜው በአማርኛ።

ማንም አልሞተም። ሚካል ከውትድርና ከተሰናበተች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ አብረዋት ካገለገሉት ኢላይና ሻኬድ ከሚባሉ ጓደኞቿ ጋር ሆና በመጪው ወር ኖርዌይ ወደሚባል አገር ልትሄድ አስባለች፤ ድንኳኑንም ተውሳ ያመጣችው ገብታበት መተኛት ትችል እንደሆነ ልትሞክር ነው። ከድንኳኑ ወጥታ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘረጋች። ባዘዘው አገሩን አየው። ዳርና ዳሩ አይጥ የበላው ነጠላ ይመስላል፤ ባሕሩ እየሾለከ በተራሮቹ መካከል ገብቷል፣ ተራሮቹም ተንደርድረው ባሕሩ ውስጥ ገብተዋል፤ ሜዳ የሚባል ነገር ለመድኃኒት እንኳ የለውም። ሚካል በጣቷ እየመራች አስረዳችው። በመርከብ እዚህ ድረስ፤ ከዚያ ቦርሳ ተሸክሞ በእግር፤ ከዚያ በታንኳ በዚህ ቀጭን ባሕር እየቀዘፉ ወደ ውስጥ፤ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ ተራራ መውጣት፤ ጫፉ ላይ በረዶ አለ። ሌሊቱን በድንኳን። ዝናብም ይዘንባል፣ ብዙ። ይህን ሁሉ የምትናገረው በዓይኗ እየሳቀች ነበር፤ ባዘዘውም ከውትድርና ከተመለሰች ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አይቷት እንደማያውቅ ልብ አለ፤ ልብ ማለቱ ግን አናደደው።

«ለምን?» አላት።

«ስታም» አለችው።

ስታም ማለት እንዲያው፣ ያለ ምክንያት ማለት ነው። ባዘዘው ከሚያውቃቸው የዕብራይስጥ ቃላት ሁሉ እጅግ የሚፈራው ይህን ነበር። ምክንያት ያለውን ነገር ተከራክሮ መርታት ይቻላል፤ ስታምን ግን ማን ይረታዋል? የቡፌውን ገመድ ተሻግሮ ማድቤት ገባ። ውባንቺ ለሰንበት የገዛችውን ዶሮ በሎሚና በጨው እያሸች ታጥባለች። ፊቷን ሳታዞር «ሰምቻለሁ» አለችው። ምን አልሻት ቢላት፣ «እኔ ምን ልበላት? አባቷ አንተ ነህ» አለችና ዶሮዋን ገልብጣ ማሸቷን ቀጠለች። ቆየት ብላ፣ «ብቻ ሰንበት ሳይገባ ቁርጡን ንገራት። ሰንበትን እየተኳረፍን አንቀበልም» አለች። ውባንቺ እንዲህ ናት፤ ከሕፃናት መዋያው ሥራዋ ስትመለስም ሆነ ስትሄድ ከአፏ የሚወጣው ቃል ለጨው የሚበቃ አይደለም።

ቁርጡን ንገራት ማለት ለውባንቺ ቀላል ነው። ባዘዘው ግን ለሚካል እምቢ ብሎ አያውቅም፤ ለመናገር ስለማይደፍር ሳይሆን የሚናገረው በእሷ ስለሆነ ነው። ከሱዳን የመጡ ሰሞን ገና ጥርሷን የምትቀይር ልጅ ሳለች ባንክ ቤት እጇን ይዞ የወሰዳት እሱ ነው፤ ክሊኒክ የወሰዳት እሱ ነው፤ ስለ ውኃ ሂሳብ፣ ስለ ይጋል ትምህርት ቤት፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽ፣ ሹም በተባለ ሁሉ ፊት እሱ በአማርኛ ሲቆጣ እሷ በዕብራይስጥ ስትናገር ነው ያደገችው። ሰው ለገዛ አፉ እንዴት እምቢ ይላል? ቁርሱን እንኳ ሳይቀምስ ጫማውን አደረገና፣ ከእሱ የከበደ ሰው እንዲከለክልለት ወደ ቄስ ገሠሠ ሄደ።

ቄስ ገሠሠ እዚያው ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈራቸው ውስጥ፣ ሁለት ብሎክ አልፎ ይኖራሉ። ጧት ጧት ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ጭራቸውን ይዘው፣ ከብሎካቸው ሥር ባለው ጥላ በፕላስቲክ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ባልና ሚስት የተጣላ፣ ዕቃ የጠፋበት፣ ሕልም ያየ ሁሉ እዚያ ይመጣል። አጠገባቸው አባባ ይግዛው አሉ። አባባ ይግዛው የቄሱ የእድሜ እኩያ ናቸው፤ አንድ ጆሯቸው አይሰማም፤ በሚሰማው ጆሯቸው የገባውን ሁሉ ደግሞ ውሸት ነው ማለት ልማዳቸው ነው።

«ቄስ ገሠሠ፣ አንድ ነገር እንዲከለክሉልኝ መጣሁ» አለ ባዘዘው ጉልበት ስሞ ሲያበቃ።

«ምኑን ልከልክል?»

ነገሩን አስረዳቸው። ልጅቱ ቦርሳ ተሸክማ ተራራ ልትወጣ፣ ወርዳ በታንኳ ልትቀዝፍ፣ እንደገና ልትወጣ።

«ማን እያሳደዳት?» አሉ ቄሱ።

«ማንም።»

«ዘመድ አላት እዚያ?»

«የላትም።»

«ታዲያ ምን ልታመጣ?»

«ምንም። ስታም።»

ቄስ ገሠሠ ጭራቸውን አወዛወዙ። ባዘዘው ነገሩ እንደተያዘለት አወቀ። «እኛ ወልቃይትን አቋርጠን ሱዳን እስክንገባ» አለ፣ «ሸክሜን አውርዶ የሚጥልልኝ ባገኝ እግሩን በሳምኩ ነበር። እሷ ግን ሸክሙን ከሱቅ ልትገዛው ነው!» ቄሱ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አባባ ይግዛውም «ውሸት ነው» አሉ። እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ባዘዘው ክሱን ማክበድ ፈለገ። «ደግሞ አገሩ ጤነኛ አይደለም። በበጋ ፀሐይ አትጠልቅበትም ትላለች» ብሎ ጨመረ። ይህችን ባይጨምር ኖሮ ቀኑ በሌላ መንገድ በሄደ።

«ምን አልክ?» አሉ ቄስ ገሠሠ። ጭራው ቆመ።

«አትጠልቅም። ሌሊቱንም ትታያለች ነው የምትለው።»

ቄስ ገሠሠ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ዓርብ ፀሐይ ካልጠለቀች፣ አሉ፣ ሰንበት በምን ይገባል? እዚያ ያለ እስራኤላዊ በጋውን ሙሉ ዓርብ ላይ ቆሞ ሊቀር ነው? ወይስ ገና ከክረምት ሲወጣ ሰንበት ከገባበት እስከ መከር እሳት ሳይነካ ሊቀመጥ ነው? ጾምስ? ማታ ካልመጣ ጾመኛ መቼ ይበላል? ለኢያሱ ፀሐይ ቆማለች፤ ግን አንድ ቀን፣ እሱም ለጦርነት! አባባ ይግዛው ውሸት ነው፣ ፀሐይ ካልጠለቀች ዶሮው መቼ ይጮሃል አሉ። ቄሱ ዶሮውን ተወው፣ የማወራህ ስለ ኦሪት ነው አሏቸው። አባባ ይግዛው ዶሮ የሌለበት አገር አገር አይደለም ብለው ድርቅ አሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ድምፃቸው ከፍ ብሎ ከፎቅ ሰው በመስኮት እስኪያይ ተከራከሩ፤ ባዘዘው በመሐላቸው ቆሞ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይዞራል። በመጨረሻ ቄስ ገሠሠ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ፈረዱ።

«ልጅቱ ትሂድ» አሉ። «የዓይን ምስክር ያስፈልጋል። አይታ መጥታ ትንገረን።»

«ቄስ ገሠሠ፣ እኔ እኮ እንዲከለክሉልኝ ነው የመጣሁት።»

«ከለከልኩ እንጂ። በሰንበት እንዳትራመድ ከልክያለሁ። የሰንበትን መግቢያና መውጫ በኢየሩሳሌም ሰዓት ትቁጠር።»

ባዘዘው ከዚያ ተነሥቶ ውባንቺ ያዘዘችውን ድንብላልና ሽንኩርት ሊገዛ አውቶቡስ ይዞ ወደ ሹክ፣ ወደ ከተማው ገበያ፣ ወረደ። የግንቦት ሙቀት ከበረሃው አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ሰማዩን የዱቄት ወንፊት አስመስሎታል፤ ከጧቱ ድንኳንና ከቄሱ ፍርድ በኋላ ደግሞ ያዞራል። ዓርብ ገበያው ሰው በሰው ላይ ነው፤ ሻጩ ሁሉ ከሰንበት በፊት ቲማቲሙን ለመጨረስ ይጮሃል፤ ዋጋው በየደቂቃው ይወርዳል፣ ቲማቲሙም አብሮ ይወርዳል። ባዘዘው ድንብላል እየመረጠ ሳለ ትከሻውን የሚመታ እጅ መጣ። ሞሼ ነው፣ ባዘዘው የሚሠራበት የሴራሚክ ፋብሪካ የምድቡ አለቃ፤ ራሞት በሚባለው ሰፈር አዲስ ቤት ሠርቶ ከገባ ወዲህ ሹክ የሚመጣው በመኪና ነው፤ መኪናውን የት እንዳቆመ ሳይነግርህ አይለቅህም። ክፉ ሰው አይደለም። ባዘዘው ሲያየው እንዲያውም ደስ አለው፤ እነሆ አብሮት «ምን ዓይነት ዘመን ነው» የሚል የልጆች አባት።

«ሚካል ኖርዌይ ልትሄድ» አለው በተሰባበረ ዕብራይስጡ። «ተራራ። ባሕር። ድንኳን።»

ሞሼ አንዱን ቲማቲም ጨምቆ አየና መልሶ አስቀመጠው። «አትቀልድ ባዘዘው» አለ። «ይሄ እኮ የኪቡጽ ልጆች ነገር ነው፣ የሀብታም ልጆች። የእናንተ ልጆች እንዲህ ያለ ቲዩል አይሄዱም።»

ቲዩል የሽርሽር ጉዞ ነው። ያለው ይህን ብቻ ነው፤ በክፋት አልነበረም፤ ዓይኑም ቲማቲሙ ላይ ነበር። ባዘዘው ከጧት ጀምሮ ሲፈልገው የነበረው ቃል ይኸው ነው፤ አይሄዱም። ወስዶ ለሚካል ቢያደርስላት ሥራው አለቀ። ግን ቃሉን ከሞሼ አፍ ሲሰማው አልወደደውም። ከዚያም አፉ እሱን ሳያስፈቅድ ተከፈተ።

«ሚካል አለቃ» አለ። «ሁሉም ከኋላ። ሚካል ከፊት። ገመድ የምትይዝ ሚካል!»

ስለ ተራራ መውጫ ገመድ ጧት አንድም ቃል አልተነሣም። ገመዱን ያየው አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን ነው። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ አንዴ ገመዱ ከወጣ በኋላ በረዶው ተከተለ፣ ከበረዶው ኋላ ማዕበሉ፣ ከማዕበሉ ኋላ ማንም እግሩን ያላሳረፈበት የተራራ ጫፍ። ድንብላል ሻጩ ሚዛኑን ትቶ ያዳምጣል። ዓሣ ሻጩ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ድንብላል ሻጩም የዚህ ሰውዬ ልጅ ወደ ሰሜን ዋልታ ልትሄድ ነው አለው። ባዘዘው ሽንኩርቱ ጋ ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ደርሶ ነበር፤ ሽንኩርት ሻጯ ሴትዮ ሠራዊቱ ነው ወይ የላካት ብላ ጠየቀችው። ባዘዘው አልዋሸም፤ ሰማዩን ብቻ አየ። ሞሼ ከረጢቱን እንዳንጠለጠለ ተከትሎት መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጁ ከውትድርና ከወጣ ወዲህ ሪሞት ይዞ ሶፋ ላይ እንደተጋደመ፣ እናቱ ምግቡን እዚያው እንደምታቀርብለት ነገረውና፣ «ምናልባት አንድ ሰው ይጨምሩ ይሆን?» አለው። በፋብሪካው ዘመን ሁሉ ሞሼ ባዘዘውን አንድ ነገር ለምኖት አያውቅም። «እጠይቅልሃለሁ» አለ ባዘዘው፣ ኖርዌይ የእሱ ርስት እንደሆነች ሁሉ።

በአውቶቡስ ሲመለስ ቁርጡን የሚነግርበትን ቃል ሊያሰናዳ ሞከረ። «ስሚ ልጄ» ብሎ ይጀምርና ሐሳቡ ተንሸራቶ የሱፍ ካልሲ ላይ ያርፋል። ካልሲ ይኖራት ይሆን? ዝናብ ይበዛል ብላለች። ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝ መሆን አለበት፤ ተረከዝ የላጠ ጫማ ምን እንደሚያደርግ እሱ ያውቃል። ደግሞ ውኃ ሲሻገሩ ጫማ ማውለቅ የለም፤ ድንጋዩ እግር ይቆርጣል። ራሱን ሲያገኘው የሚያስበው እንዴት እንደሚያስቀራት ሳይሆን እንዴት እንደምትሻገር ነበር። ተናደደና መስኮቱን ከፈተ፤ አቧራ ገባ፤ ዘጋው።

ደረጃው ላይ ጎረቤቱ ቦጋለች ጠበቀችው። ቦጋለች ወሬ ከሚያልፋት ብትታመም ይሻላታል፤ ከቄሱ ሚስት ሰምታ አንድ ከረጢት ዳቦ ቆሎና አንድ ማሰሮ በሶ ይዛ መጥታለች። «አንተ ባዘዘው፣ ጎረቤት አይደለንም? ከሰው ነው የምሰማው?» አለችና ምላሹን ሳትጠብቅ ተከትላው ገባች። ሳሎን ውስጥ አባባ ይግዛው ቀድመው ደርሰዋል። ውሸቱን በዓይናቸው ሊያረጋግጡ ነው የመጡት። የድንኳኑን ጨርቅ በሁለት ጣታቸው ቆንጥረው አዩ፣ ገመዱን ሳብ አድርገው የቡፌውን ብርጭቆ አንሿሹ፣ ከዚያ «ይሄ ሰው አይችልም» ብለው ሊያሳዩ ጫማቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ገቡ። ከውስጥ ትንሽ ካጉረመረሙ በኋላ ዝም አሉ፤ ወዲያው ማንኮራፋት ተሰማ። ውባንቺ ማማሰያዋን ይዛ ከማድቤት ብቅ አለችና፣ ከድንኳኑ ደጃፍ የወጡትን ሁለት እግሮች አይታ ተመለሰች።

ቦጋለች ካርታው ላይ ጎንበስ ብላለች። ይሄ ሰማያዊው ምንድን ነው አለች። ባሕር ነው አላት ባዘዘው። ይሄስ? እሱም ባሕር ነው። «ታዲያ የት ላይ ነው የምትቆመው?» አለች ቦጋለች። ባዘዘው ልጅቱ ጧት በጣቷ እንዳሳየችው እሱም በጣቱ አሳያት፤ መርከቡ እዚህ ድረስ፣ ከዚህ በእግር፣ በዚህች ቀጭን ባሕር በታንኳ። ቦጋለች እኔ ብሆን በዚህ በኩል አልዞርም፣ በዚህ አቋርጣለሁ አለች። በዚያማ ገደል ነው አላት። ገደሉን በምን አወቅህ አለችው። ጥቅጥቅ ያለው መስመር ገደል ነው፣ ሚካል ነግራኛለች አላት፤ ምንም አልነገረችውም። ታንኳው ቢገለበጥስ? እንግዲያስ ዳር ዳሩን ይዛ ትቅዘፍ። ሌሊት ማን ይጠብቃቸዋል? ሦስት ናቸው፣ ይፈራረቃሉ። አንዱ ጓደኛዋ ወንድ ነው? ወንድ ነው። ቦጋለች ካርታውን ትታ ቀና አለች። «ያገባ ነው?»

ሚካል የገባችው በዚህ መሐል ነው። በሩ ላይ ቆማ ሰዎቹን፣ በሶውን፣ ከድንኳኗ የወጡትን የሽማግሌ እግሮች አየች። አልሳቀችም። ሰላምታ ሰጥታ ቀጥ ብላ ማድቤት ገባች፤ ባዘዘውም የፊቷን መልክ አይቶ ተከተላት። ውባንቺ እሳቱን አጠፋች። ሚካል ማቀዝቀዣውን ተደግፋ በአማርኛ ተናገረች፤ ስንት ዘመኗ ነው አንድ ሙሉ ነገር በአማርኛ ከተናገረች።

«ትቼዋለሁ» አለች። «አሁን የጉዞ ቢሮው ሄጄ ስሜን ሰርዙልኝ አልኳቸው። የእማዬ የዓይን ቀዶ ጥገና ቀጠሮ እኔ እዚያ ስሆን ነው የሚውለው። ትናንት ነው የተረዳሁት። ሐኪሙን ማን ያናግርላችኋል? ይጋል የለም። ወረቀት ሲመጣ ማን ያነብላችኋል? አስቤ አስቤ አቃተኝ። በቃ፣ ሌላ ጊዜ።»

አነጋገሯ የልጅ ነበር፤ አማርኛዋ ከዘጠኝ ዓመቷ ወዲህ አላደገም። ባዘዘው የፈለገው ይኸው በእጁ ገባ። ሳይከራከር፣ ሳይቆጣ፣ ሰንበት ሳይገባ ቁርጡ ተቆረጠ። አንድ ትንፋሽ ለሚሆን ጊዜ ትከሻው ላይ የነበረው ሁሉ ረገፈ። ከዚያ ልጁን አየ። ጧት ካርታው ላይ ሲስቅ የነበረው ዓይን አሁን የማቀዝቀዣውን እግር ያያል። የሞሼ ድምፅ መጣበት፤ የእናንተ ልጆች አይሄዱም። ለምን እንደማይሄዱ ሞሼ አያውቅም ነበር፤ ባዘዘውም እስካሁኗ ደቂቃ አላወቀም። ልጅቱን አስሮ ያስቀራት የራሱ ምላስ ነው።

«ቁጥሩን አምጪ» አላት።

«የምን ቁጥር?»

«የቢሮውን። ሳይዘጉ።»

«አባ፣ ማ ፒቶም፣ ምን ነካህ—»

«አምጪ አልኩ!»

ስልኩ ያለው ሳሎን ነው፣ ከድንኳኑ ኋላ። ባዘዘው የአባባ ይግዛውን እግር ተሻግሮ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ላስቲኩ ከሥሩ ተንጫጫ። ሚካል ቁጥሩን ደወለችና መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ ልታደርግ ስትል ነጠቃት። ከወዲያ ማዶ የሴት ድምፅ መጣ። ባዘዘው ተነሥቶ ቆመ። በስልክ በዕብራይስጥ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው፤ የሚያየው ፊት የለ፣ የሚጠቁምበት ጣት የለ።

«እኔ አባት!» ብሎ ጮኸ። «የሚካል አባት! ሚካል ትሄዳለች! አይደለም አትሄድም! ትሄዳለች አዎ!»

ሴትዮዋ አንድ ነገር ጠየቀች። ሚካል አጠገቡ ሆና ቃል ልታቀብለው በሹክሹክታ ሞከረች፤ በእጁ መለሳት። «ጧት ሚካል መጣ፣ ሰርዝ አለ። ሚካል ተሳሳተ። አባት አይሰርዝ። አንቺ ጻፊ፤ ሚካል፣ ኖርዌይ፣ አዎ።» ቦጋለች በሁለት እጇ ጉንጯን ይዛለች። ሴትዮዋ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ባዘዘው ቃል በቃል አልያዘውም፤ ዓርብ የሚለውንና እሑድ የሚለውን፣ ከዚያም ሳቋን ሰማ። ስልኩን ዘግቶ ወደ ልጁ ዞረ። «አልሰረዘችም» አለ። «ዓርብ ቀን ማን ይሰርዛል ነው የምትለው። ለእሑድ አቆይታው ነበር።» ከዚያ ተቀመጠ። ቦጋለች እልል ስትል አባባ ይግዛው ነቁ፤ ማን ወለደች ብለው ጠየቁ። ሰንበት ሳይደርስባቸው ሁለቱንም ወደየቤታቸው ሸኟቸው።

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ምግቡ ተሠርቶ፣ ገላ ታጥቦ፣ ንጹሕ ልብስ ተለብሶ ሦስቱ ከድንኳኑ ጎን ተቀመጡ። ጉዳዩ ግን አላለቀም፤ የዓይኑ ቀጠሮ እዚያው አለ። ሚካል እንግዲህ ትለማመዳላችሁ ብላ ሐኪም ሆነች። ባዘዘው እንደ አስታማሚ ቆሞ ሚስቱ ግራ ዓይኗ ብዥ እንደሚልባት በዕብራይስጥ ሊያስረዳ ጀመረ፤ በመጀመሪያው ሙከራ ዓይኗ የጠፋባት አደረጋት፣ በሁለተኛው ዓይኗ የእሱ ሆነ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሐኪሙን ዕውር ነህ አለው። ሚካል በሳቅ ፈረሰች። ውባንቺ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ ስታይ ቆየችና ተነፈሰች።

«ዶክተር ሐሙዲ» አለች። ከዚያም ያለ አንድ እንቅፋት፣ ከአገሩ ተወላጅ በማይለይ ዕብራይስጥ፣ ግራ ዓይኔ ብዥ ይልብኛል፣ ቀኙ ደኅና ነው፣ ጧት ጧት ይብሳል፣ አሁን አንተ እጅህን በሳሙና ታጠብና በቀስታ እየኝ፣ እሺ የኔ ቆንጆ? አለች። ሐሙዲ ሕፃን የሚባበልበት ቃል ነው።

ባዘዘው ወደ ሚስቱ ዞረ። ሚካልም እንዲሁ።

«እማዬ! ከመቼ ጀምሮ?»

«መዋያው ውስጥ ያሉት ሕፃናት አማርኛ ይችላሉ እንዴ?» አለች ውባንቺ። «ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር የማወራ መሰላችሁ?»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ?» አለ ባዘዘው።

«እናንተ ሁለታችሁ ስትናገሩ ቦታ መቼ አገኘሁ? ደግሞ ማዳመጡ ደስ ይለኝ ነበር።» ውባንቺ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። «ባንክ ቤቱ ትዝ ይልሃል? ያንን መላጣ ‹ይሄን ጅብ ገንዘቤን በልቶ ሆዱ ይፈንዳ በይው› ስትላት? ይቺ ምን አለችው መሰለህ? ‹አባቴ ስለ ትዕግሥትህ ያመሰግንሃል፣ ልጆችህን እግዚአብሔር ያሳድግልህ ይልሃል› ነው ያለችው።»

ሚካል ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

«የክሊኒኳንም ሴትዮ እንዲሁ» አለች ውባንቺ። «የቤቶቹን ሹምም እንዲሁ። የይጋልን ዲሬክተርማ ‹አባቴ እንደ ወንድሙ ነው የሚያይህ ይላል› ብላዋለች።»

በባዘዘው ዓይን ፊት መላጣው የባንክ ሰው ተነሥቶ በሁለት እጁ ሲጨብጠው መጣ፤ ውኃ ያስመጣለት የቤቶቹ ሹም መጣ፤ በር ድረስ የሸኘው፣ ትከሻውን አቅፎ የሸኘው ዲሬክተር መጣ። እነዚያ ሁሉ ፈገግ ያሉ ፊቶች።

«እኔ እኮ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ፈርተውኝ መስሎኝ ነበር።»

ሚካል ሳቋ አፈናትና ከሶፋው ተንሸራታ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ውባንቺ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች፣ ደኅናውንም የታመመውንም ዓይን። ባዘዘው ሊቆጣ ፊቱን አሰናዳ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም።

«እንግዲህ እሷ ስትሄድ ማን ነው የሚያመሰግንልኝ?» አለ።

«አርፈህ ራስህ ታመሰግናለህ» አለችው ውባንቺ። «በል ተከተለኝ፤ ቶዳ ራባ።»

«ቶዳ ራባ» አለ ባዘዘው።

«እንዲህ እየተኮሳተርክ አይደለም። እንደገና።»